ባሕር የሌላት መርከብ፦ በዳቬይተን የታሪክ ጥያቄና መልስ ምሽት ላይ የተደረገ ጥልቅ ዳሰሳ

የጥናቱ መነሻ

ለንደን፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ፣ ኤችኤምኤስ ቤልፋስት የተባለች የጦር መርከብ ታስራ ቆማለች። እ.ኤ.አ. በ1938 ውሃ ነካች፤ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አየች፤ ከ1971 ወዲህ ደግሞ ጡረታ ወጥታ ሙዚየም ሆናለች። ደርባንም በወደቧ ጥግ ሌሎች መርከቦችን የሚጎትቱ አሮጌ መርከቦች ያረፉበት ሙዚየም አላት። እንዲህ ያሉ መርከቦች ባሉበት ዓለም አንድ ልማድ አለ፤ ማታ ሰው መርከቡ ላይ ይወጣል፣ በየጠረጴዛው ይቧደናል፣ ስለ አካባቢው ታሪክ ጥያቄ ይወረወራል። የመለሰ ይጨበጨብለታል፤ ያልመለሰ ቢራውን ጨልጦ ወደ ቤቱ ይገባል።

አጥኚው ይህን ልማድ ሲመረምር ከአንድ ችግር ጋር ተፋጠጠ። መርከቡም፣ ሙዚየሙም፣ ቢራውም ያሉት ውሃ ዳር ነው። እኛ ደግሞ ከባሕር ከተለያየን ቆይተናል። ታዲያ ባሕር የሌለው ሕዝብ መርከብ ላይ ወጥቶ ስለ ታሪክ የመጠያየቅ መብቱ በምን ይረጋገጥለታል? መልሱን ፍለጋ ጥናቱ ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ፣ ከቤኖኒ ከተማ ወዲያ ወደሚገኘው ዳቬይተን ተጓዘ።

ዳቬይተን ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ወደ ደርባን ወደብ መድረስ የፈለገ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። መርከብ ከባሕር እንዲህ ርቆና እንዲህ ከፍ ብሎ ስለ መቆሙ የተጻፈ ሌላ ማስረጃ የተገኘው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ላይ ብቻ ነው።

መርከብነቷን ስለ ማረጋገጥ

ጥናቱ የተደረገባት መርከብ በአንድ የሎኬሽን መንገድ ማዕዘን ላይ የቆመች ስፓዛ ናት። አገር ቤት ላለ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ሎኬሽን ማለት በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች ከነጮች ከተማ ውጭ እንዲኖሩበት የተከለለ ሰፈር ነው፤ ስፓዛ ደግሞ የሰፈር ሱቅ። ይቺ ስፓዛ ከውጭ ስትታይ ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ናት። ከውስጥም ስትታይ ያው ናት።

ኮንቴይነር መርከብ አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አጥኚው ይገነዘባል። ስለዚህ አራት ማስረጃዎች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ የባሕር ልጅ ናት። በኤፕሪል 26 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. አይዲያል ኤክስ የተባለች መርከብ ከአሜሪካ ኒውዋርክ ወደ ሂውስተን 58 ኮንቴይነሮች ተሸክማ ከተጓዘች ወዲህ የዓለም ንግድ በብረት ሣጥን ሆኗል። ይቺም ሣጥን አራት ፊደልና ሰባት ቁጥር ግንባሯ ላይ አላት። የመጨረሻዋ ቁጥር የቀሩትን የምትቆጣጠር ናት፤ አንዱ ቢሳሳት እሷ ታጋልጣለች። በምሽቱ እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ ያለው ሌላ ማንኛውም ነገር አልተገኘም።

ሁለተኛ፣ ወደብ አላት። ጆሃንስበርግ እ.ኤ.አ. በ1886 በወርቅ ምክንያት የተቆረቆረች፣ ባሕርም ትልቅ ወንዝም የሌላት ከተማ ስትሆን፣ ሲቲ ዲፕ የሚባል ወደብ ግን አላት። ዕቃው ደርባን ላይ ከመርከብ ወርዶ በባቡርና በመኪና እዚያ ይደርሳል። የሞጆን ደረቅ ወደብ ያየ ኢትዮጵያዊ በዚህ አይደነቅም፤ ወደብ ማለት ዕቃ የሚቆይበት፣ ሰው የሚንገላታበት ቦታ መሆኑን ያውቃል፤ ውሃው ትርፍ ነው።

ሦስተኛ፣ በልኳ ከቀደምት መርከቦች ጋር ትነጻጸራለች። የኖኅ መርከብ ርዝመቷ 300፣ ወርዷ 50፣ ቁመቷ 30 ክንድ ነበር። የዳቬይተኗ 6.06 ሜትር ርዝመት፣ 2.44 ሜትር ወርድና 2.59 ሜትር ቁመት አላት፤ በክንድ ሲሰላ ርዝመቷ ወደ 13 ተኩል፣ ወርዷ 5 ከምናምን፣ ቁመቷ 6 የማይሞላ ነው። የኖኅ መርከብ ሦስት ደርብ ነበራት። ይቺም በታችኛው ደርብ ድንችና ሽንኩርት፣ በመካከለኛው የበቆሎ ዱቄትና ዳቦ፣ በላይኛው የካፒቴኑ ብርድ ልብስ ይገኝባታል። ሁለት ሁለት ሆነው የገቡት ግን የሰርዲን ካርቶኖች ብቻ ናቸው።

አራተኛ፣ ካፒቴኑ አይወርድም። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መርከቧ ላይ ነው፤ ከዚያም በኋላ እዚያው ይተኛል። ሽርሽር ወጣ ሲባል ዕቃ ሊገዛ ጆሃንስበርግ መሐል ወዳለው የኢትዮጵያውያን ገበያ፣ ጄፒ፣ ሄደ ማለት ነው።

ለሚዛናዊነት ያህል ተፎካካሪ መኖሩ መጠቀስ አለበት። በጆሃንስበርግ ሳክሰንዎልድ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የተከፈተው የጦር ታሪክ ሙዚየም ውስጥ አንዲት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አለች። የምትይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መስኮቷ ጠባብ ነው፤ ገብቶባት የወጣ ሰው በሰላም የመመለስ ዕድሉ አነስተኛ ነበር። አጥኚው በእሷና በስፓዛዋ መካከል ልዩነት ሲፈልግ ቆይቶ ያገኘው፣ ሰርጓጇ ኤርታይም እንደማትሸጥ ነው።

ሙዚየምነቷን ስለ ማረጋገጥ

በመርከቧ ግድግዳ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ተሰቅለዋል። ከጎናቸው ወሩ ከመስከረም ያልተገለጠ፣ ዓመቱም ካለፈ የቆየ የግድግዳ ካላንደር አለ። ለምን አይነሣም ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ፋሲል ግንብ ዓመቱ ስላለፈ አልፈረሰም የሚል ምላሽ ተሰጥቷል።

የሙዚየሟ ቤተ መዛግብት የዱቤ ደብተር ነው። ከፊት በኩል የሰፈሩ ዕዳ፣ ከኋላ በኩል የውድድሩ ነጥብ ይመዘገብበታል። ሁለቱ መካከል ላይ ሲገናኙ አዲስ ደብተር ይገዛል። ዕዳ ያለበት ሰው ነጥቡን፣ ነጥብ ያለው ሰው ዕዳውን እንዲያስታውስ ስለሚያስገድድ፣ አያያዙ በሌሎች ቤተ መዛግብትም ቢለመድ መልካም ነው።

የጎብኚዎች አቀባበልም የራሱ ባሕርይ አለው። በሌላ ሙዚየም ፍርግርግ የሚደረገው ቅርሱን ከጎብኚ ለመጠበቅ ነው። እዚህም የብረት ፍርግርግ አለ፤ ጎብኚው ከውጭ ቆሞ በቀዳዳዋ ሳንቲም ያስገባል፤ ከውስጥ ያለው ቅርስ ግን መልስ ይሰጣል።

ሕጋዊ ሰውነቷን በሚመለከት፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ስፓዛዎች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ ሲያዝዙ መርከቧም ቅጽ ሞልታለች። ቀነ ገደቡ በኋላ ወደ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ተራዝሟል። በቅጹ ላይ «የታሪክ ሙዚየም» የሚል ሣጥን ስላልነበረ «ግሮሰሪ» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል።

ተሳታፊዎች

ምሽቱ የሚካሄደው እሑድ፣ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሎድሼዲንግ የሚሉት የመብራት ፈረቃ በበረታባቸው ዓመታት መብራት በጠፋ ቁጥር ተጨማሪ ስብሰባ ይደረግ ነበር፤ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ለኢትዮጵያ ታሪክ ጥናት ያደረገው አስተዋጽኦ በቂ ምስጋና አላገኘም።

ካፒቴኑ የሆሳዕና ልጅ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል፤ እሱም ሰፈሩን በሙሉ «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል፤ በዚህም ሳቢያ ሁለቱ ወገኖች ስም ሳይተዋወቁ 11 ዓመት ተስማምተው ኖረዋል። ቀጥሎ ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ በትከሻው ተሸክሞ በየቤቱ በዱቤ የሚሸጥ ወጣት አለ። ሎኬሽን መዞር ይሉታል። የሰፈሩን ውሾች በስማቸው የሚያውቅ ብቸኛው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ሦስተኛው በአገሩ ዲያቆን የነበረ፣ አሁን ስልክ የሚጠግን ሰው ነው። አራተኛው «ምጽዋ ነበርኩ» የሚሉ አዛውንት ናቸው፤ ምን ሆነው እንደነበሩ በየጊዜው ስለሚለያይ ጥናቱ «ነበሩ» በሚለው ብቻ ተወስኗል። አምስተኛው እዚያው የተወለደ፣ ስድስተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ነው። የልጁ እናት ዳኛ ናት። ዳኝነቱን ያገኘችው በምርጫ አይደለም፤ ጀበናው በእጇ ስለሆነ ነው።

የውድድሩ ደንብ

ፈረንጅ በቡድን ተቀምጦ መልሱን በወረቀት ይጽፋል። የዳቬይተኑ ምሽት ግን በጥንታዊው ሕግ ይመራል፤ ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፤ ካላወቀ አገር ይሰጣል። የተሰጠውም ሰው አገሩን ወርሶ፣ የሚበላውን በልቶ፣ ለተሸናፊው የተረፈውን ይቆጥርለታል።

ይህ ደንብ አገሩ ውስጥ ላለ ሰው ጨዋታ ነው። አገሩን ለቆ ለወጣ ሰው ግን የንብረት ጥያቄ ያስነሣል። በመሆኑም ባለፉት ዓመታት ልዩ ልዩ ማሻሻያዎች ተደርገዋል። ጎንደር ከመጠን በላይ እጅ በመለዋወጧ ዋጋዋ ወድቋል። አዲስ አበባን የሰጠ ሰው የቤት ኪራዩንም አብሮ መስጠት አለበት። ምጽዋንና አሰብን መስጠት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ሁኔታ ከግምት በማስገባት ታግዷል፤ ሰጪው የለውም፣ ተቀባዩም አይረከብም፣ አዛውንቱም ያለቅሳሉ። ካፒቴኑ በበኩሉ ሆሳዕናን ሰጥቶ አያውቅም። ሲሸነፍ ባሌን፣ ጋሞን፣ አንድ ጊዜም ሙሉ አፋርን ሰጥቷል፤ ሆሳዕና ግን ከጨዋታው ውጭ ናት።

ከዚህ ሌላ የማይነሣ አንድ ጥያቄ አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለ ቦታ፣ በጭነት መኪና ላይ ወደ ደቡብ ሲጓዝ በነበረ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ይህ በደንቡ አልተከለከለም። መልሱን የማያውቅ ሰው ስለሌለ ብቻ አይጠየቅም።

የዘመን አቆጣጠር ችግር

«የአድዋ ድል በስንት ዓመተ ምሕረት ሆነ?» የሚለው ቀላል ጥያቄ በዚች መርከብ ላይ ከባዱ ነው። አዋቂዎቹ የካቲት 23 ቀን 1888 ይላሉ። ልጁ ማርች 1 ቀን 1896 ይላል። እናቱ ሁለቱንም እያየች ሁለተኛውን ቡና ትቀዳለች። አንድ ምሽት ክርክሩ በቶና ላይ ተጀምሮ በበረካ አልተቋጨም። በመጨረሻ የተላለፈው ፍርድ ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነጥብ ይሰጥ የሚል ነበር፤ አድዋ ላይ አቻ የተወጣው በዓለም ላይ ይህ ሰፈር ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አጥኚው ነገሩን ሲያብላላው ሦስተኛ የዘመን አቆጣጠር እንዳለ ደረሰበት። ይህም «ከመጣሁ» የሚባለው ነው። «በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት»፣ «ከኮሮና በፊት»፣ «ከረብሻው በኋላ» እየተባለ ይቆጠራል። የትኛው ረብሻ ተብሎ ሲጠየቅ «የ2008ቱ» የሚል መልስ ይመጣል፤ ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር በግንቦት 2008 ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ በየሎኬሽኑ የተዛመተው፣ ከ60 በላይ ሰዎች የተገደሉበት፣ የውጭ ዜጎች ሱቆች የተዘረፉበት ነው። በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ 2000 ነበር። አገር ቤት ያለው ሕዝብ ሚሊኒየም ያከብር ነበር። የሁለቱ ዘመናት ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ሐሳብ በዚህ ምክንያት እንደገና ሊጤን ይገባዋል።

የጥያቄዎች ናሙና

ናሙና አንድ። «ደቡብ አፍሪካውያን ያለ ቪዛ አዲስ አበባ የገቡት መቼ ነው?» መልሱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ያሉበት የእንግሊዝ ጦር ጣሊያንን እያባረረ ከተማዋ ውስጥ የገባው በዚያ ዕለት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የገቡት ከወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ነበር። ስድስተኛ ክፍሉ ልጅ ቀኑን በፈረንጅ አስልቶ ኤፕሪል 6 መሆኑን ካገኘ በኋላ ዐይኑ ፈጠጠ፤ በትምህርት ቤት ያን ቫን ሪቤክ የተባለው ሆላንዳዊ ኬፕ ላይ የደረሰው በኤፕሪል 6 ቀን 1652 መሆኑን ተምሯልና። ከቫን ሪቤክ መርከቦች አንዷ ድሮመዳሪስ ትባል ነበር፤ ግመል ማለት ነው። እኛ ግመልን የበረሃ መርከብ ስንል እነሱ መርከብን የባሕር ግመል ብለው መሰየማቸው ለሥነ ልሳን ተመራማሪዎች ተትቷል።

ናሙና ሁለት። «ከደቡብ አፍሪካ ያለ ፈቃድ ወጥቶ፣ በሌላ ሰው ስም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ የተጓዘ ሰው ማን ነው?» ይህ ጥያቄ መጀመሪያ የተጠየቀ ዕለት ሁለት ሰዎች በሩን አዩ። መልሱ ኔልሰን ማንዴላ ነው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ፤ በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ዴቪድ ሞትሳማዪ ነበር። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲጓዝ ጥቁር ፓይለት አይቶ መደናገጡን ራሱ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። አገሩ ሲመለስ ተያዘና ለሥራ ማቆም አድማ በመቀስቀሱ ሦስት ዓመት፣ ያለ ፓስፖርት ከአገር በመውጣቱ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። የብርድ ልብስ ነጋዴው የቅጣቱን ዝርዝር ከሰማ በኋላ ያለ ሕግ መግባትና ያለ ሕግ መውጣት የትኛው እንደሚከብድ ለማወቅ ፈልጎ ነበር፤ ዳኛዋ ጥያቄው ከታሪክ ውጭ ነው ብላ ዘጋችው።

ናሙና ሦስት። «ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካ የገባችው መቼ ነው?» ካፒቴኑ የአገሩ ልጅ መጀመሪያ መጣ ያለበትን ዓመት ጠቀሰ። ዲያቆኑ ግን እ.ኤ.አ. 1892 አለ። ማንጌና ሞኮኔ የተባለ ሰባኪ በነጮች ይመራ የነበረውን ቤተ ክርስቲያን ትቶ፣ ፕሪቶሪያ ላይ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ብሎ የራሱን የመሠረተው በዚያ ዓመት ነው። ስሙን ያገኘው ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች ከሚለው ትንቢት ነው። ይህ ማለት ኢትዮጵያ በስሟ የገባችው ከአድዋ አራት ዓመት በፊት ነው፤ በአካል ለመግባት ሌላ አንድ መቶ ዓመት ፈጅቶባታል፤ መንገዱም ረዝሟል።

ናሙና አራት የአዛውንቱ ነው፤ ሁልጊዜም እሱ ብቻ ነው። «የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ስሟ ማን ነበር?» መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ «ኢትዮጵያ»። ነገር ግን ማብራሪያው ስለማይቀር ማንም ቶሎ አይመልስም። አሜሪካ ውስጥ ተሠርታ ኦርካ ተብላ ነበር፤ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በፓስፊክ አሳለፈች፤ በጥር 1954 ዓ.ም. ለእኛ ተሰጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ተማሪዎችን አሠለጠነች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች። ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ቆማ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አዛውንቱ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀንሳል። ኢትዮጵያ የምትባለው መርከብ ራሷ ስደተኛ ሆና፣ በሰው አገር፣ በኪሎ ተሸጣለች። ብረቷ ቀልጦ ምን እንደ ሆነ አይታወቅም። አንድ ምሽት እጃቸውን ዘርግተው የኮንቴይነሯን ግድግዳ ሲደባብሱ ታይተዋል፤ አጥኚው ይህን እንደ ሳይንሳዊ መላምት አልመዘገበውም፤ አልሰረዘውምም።

ያልታሰበ ግኝት

እስከዚህ ያለው መረጃ ከተጠናቀረ በኋላ ጥናቱ ሊዘጋ ሲል፣ አንድ እሑድ ማታ መስኮቱ ተንኳኳ። በዙሉ ቋንቋ ጎጎ የሚባሉ፣ አያት ማለት ነው፣ የሰፈሩ አሮጊት ዳቦና ሻማ ፈልገው መጥተዋል። ጩኸቱን ሰምተው ምን ተፈጠረ አሉ። ልጁ አስተረጎመ።

«ታሪክ እየተጠያየቁ ነው፣ ጎጎ።»

«የማንን ታሪክ?»

«የራሳቸውን።»

«የሚያውቁትን ምን ያጠያይቃቸዋል?»

ይህ አስተያየት በጥናቱ ዘዴ ላይ የቀረበ የመጀመሪያው ሂስ ነው። ጎጎ በፍርግርጉ በኩል አንድ ጥያቄ እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ይህ ሰፈር ስሙን ከየት አገኘው?

የመርከቧ ሊቃውንት ተያዩ። ዲያቆኑ ከንጉሥ ዳዊት ነው አለ፤ ዳዊት፣ ዴቪድ፣ ዴቪ፣ ዳቬይተን እያለ የቃሉን ጉዞ በጣቱ አሳየ። አዛውንቱ የእንግሊዝ አድሚራል ይሆናል አሉ። ልጁ በትምህርት ቤት አልነገሩንም አለ። ካፒቴኑ ስሙን በየቀኑ በደረሰኝ ላይ እንደሚጽፈው፣ ግን አስቦበት እንደማያውቅ አመነ።

«ዊልያም ዴቪ» አሉ ጎጎ፤ «የቤኖኒ ከንቲባ ነበር። እኛን ከቤኖኒ አሮጌው ሎኬሽን፣ ከኤትዋትዋ፣ አንሥተው እዚህ ሲጥሉን ስሙን አብረው ሰጡን።» በ1950ዎቹ፣ እ.ኤ.አ.፣ ጥቁሮችን ከከተማው አርቆ ለማስፈር የተደረገውን ዘመቻ ማለታቸው ነው። እሳቸው ያኔ በእናታቸው ጀርባ ላይ ነበሩ።

«በምን መጡ ጎጎ?» አለ የብርድ ልብስ ነጋዴው።

«በጭነት መኪና። በላዩ ሸራ ነበር።»

ጥቂት ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ወጣቱ «እኛም» አለ። ልጁ ይህችን አንድ ቃል ሊተረጉም ሲል ጎጎ እንደተተረጎመላቸው ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ። አጥኚው ይህን መልስ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚያስገባው አላወቀም።

በኋላ በተደረገ ማጣራት የቤኖኒ ስምም ታሪክ እንዳለው ታውቋል። ዮሐን ሪሲክ የተባለ የመሬት ቀያሽ እ.ኤ.አ. በ1881 በእርሻዎች መካከል ተርፎ፣ ቅርጹ ተንሻፎ አልቀየስ ያለውን መሬት ሲያገኝ ቤኖኒ ብሎ ሰየመው። ዲያቆኑ ይህን ሲነገረው ስልኩን አስቀመጠ። ዘፍጥረት ምዕራፍ 35 ነው፤ ራሔል በምጥ ልትሞት ስትል ልጇን ቤንኦኒ፣ የኀዘኔ ልጅ፣ አለችው፤ አባቱ ያዕቆብ ግን ስሙን ለውጦ ብንያም አለው። ዲያቆኑ ጥቅሱን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ሲያነበንበው ኖሯል፤ ወደ ቤኖኒም በየሳምንቱ የስልክ መለዋወጫ ሊገዛ ይሄዳል። ሁለቱን አገናኝቷቸው አያውቅም ነበር።

ስለዚህ የጥናቱ ዋና ግኝት የሚከተለው ነው። በዚች መርከብ ላይ አንድ ስም ብቻ ያለው ነገር አልተገኘም። «ኢትዮጵያ» የተባለችው የጦር መርከብ ኦርካ ነበረች፣ ማንዴላ ዴቪድ ነበር፣ ብንያም ቤንኦኒ ነበር፣ ሆሳዕናም ከዚህ ስሟ በፊት ዋቸሞ ነበረች። ተሳታፊዎቹ በአራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለውን ሁሉንም ያውቃሉ። ያላወቁት የቆሙበትን ነው።

ምክረ ሐሳብ

ሀ) የሚመለከተው አካል፣ ካለ፣ መርከቧን በቅርስነት ይመዝግባት፤ ካልሆነም መብራት አያጥፋባት።

ለ) ከእያንዳንዱ አራት ጥያቄ ቢያንስ አንዱ ስለ ዳቬይተን ይሁን፤ ጥያቄውን ጎጎ ያውጡ።

ሐ) ነጥቡ በወቅቱ ይመዝገብ። ይህ ምክረ ሐሳብ የመጣው በዚያው ምሽት ከተፈጠረ የሒሳብ ችግር ነው። ሊቃውንቱ በሙሉ ስለተሸነፉ በደንቡ መሠረት ለጎጎ አገር መስጠት ነበረባቸው። ልጁ ሕጉን አስረዳቸው። ዲያቆኑ ጎንደርን አቀረበ፤ አዛውንቱ ያገለገለ ነው ብለው ከለከሉት። አዲስ አበባም ኪራዩ ይከብዳቸዋል ተብሎ ቀረ። ዳቬይተንን እንስጣቸው የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር፤ ዳኛዋ የራሳቸውን እንዴት ትሰጧቸዋላችሁ አለች። ያኔ ካፒቴኑ ጉሮሮውን ጠረገና «ሆሳዕናን ሰጥቻቸዋለሁ በላቸው» አለ። መርከቧ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

ጎጎ በልጁ አማካይነት ሩቅ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ደግሞ በመኪና ተባሉ። እዚያ ምን አለ አሉ።

«እናቴ» አለ ካፒቴኑ።

ጎጎ ይህን ሲሰሙ ሆሳዕናን እንዲያስቀምጥላት፣ ለእሳቸው ዳቦውና ሻማው እንደሚበቃቸው ነገሩት። ገንዘብ ግን ስላልያዙ በዱቤ ወሰዱ። በዚያ ሌሊት የደብተሩ የፊትና የኋላ ጽሑፎች መካከል ላይ ተገናኝተው ስለነበር ዕዳውና ነጥቡ አንድ መስመር ላይ ሠፍሯል። ከቤተ መዛግብቱ እንደ ወረደ እንዲህ ይነበባል፦

ጎጎ — ዳቦ 1፣ ሻማ 2፣ ሆሳዕና 1 (አልተረከቡም)።